ማዳበሪያ የሚባል ከረጢት

ቤታችን ጓሮ ውስጥ፣ ከዶሮ ቤቱ ጎን፣ አንድ ያረጀ ነጭ ማዳበሪያ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣለት ጤፍ የሚጫንበት፣ ከሰል የሚሸጥበት፣ ቤት ስንቀይር ልብስ የምናጭቅበት የላስቲክ ጆንያ ነው። እኔም ትልቅ ልጅ እስክሆን ድረስ ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው ብዙም አላሰብኩም። ማዳበሪያ ማለት የሚያዳብር፣ መሬትን የሚያበረታ ነገር ነው። ዩሪያና ዳፕ ታሽጎ የመጣበት ከረጢት ባዶውን ሲቀር ስሙን ወረሰ። ውስጡ ያለው አለቀ፤ ስሙ ግን ከረጢቱ ላይ ቀረ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ከረጢትና ከእሱ በፊት ስለነበረው ነገር ነው። ወደ ታሪኩ ያስገባኝ ግን መጽሐፍ አይደለም፤ ግማት ነው።

ከሁለት ክረምት በፊት፣ አያቴ «የሱቅ እንቁላል ጣዕም የለውም» እያለች ስትነዘንዘን፣ ስድስት የሐበሻ ዶሮዎች ገዛን። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ የሳምንቱን ግማሽ ከቤት ስለምሠራ የዶሮዎቹ ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ሦስት በአራት ሜትር የሚሆን ቦታ በሽቦ አጠርኩላቸው። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የቡና አተላ፣ ሁሉንም እዚያ እወረውራለሁ። ዶሮዎቹ የሚበሉትን ይበላሉ፣ የቀረውን እየጫሩ ያገላብጣሉ፣ ኩሳቸው ይደባለቃል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ አፈር ይሆናል ብዬ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግን የሆነው ሌላ ነው። ግቢው ጭቃ ሆነ፣ ጭቃው መግማት ጀመረ፣ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አጥር ተሻገረ። ጎረቤታችን በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ምነው፣ ግቢያችሁ ውስጥ የሞተ ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ። መሬት ብትሰነጠቅ እገባ ነበር።

አያቴ ዱላዋን ተደግፋ ወጣችና አይታ ሳቀች። «ኩስ ብቻውን እኮ እሳት ነው። ደረቅ አብላው እንጂ!»

ደረቅ አበላሁት። ከሠፈር እንጨት ቤት ሰጋቱራ በነፃ አመጣሁ፤ ጭድ ገዛሁ፤ የወደቀ ደረቅ ቅጠል ሰበሰብኩ። ግቢው ላይ ወፍራም አድርጌ አለበስኩት። ዶሮዎቹ ያንን ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሲጭሩት ዋሉ። ሳምንት ሳይሞላ ሽታው ጠፋ። መስከረም ላይ ከታች ስቆፍር ያገኘሁት ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚል፣ ዝናብ እንደመታው ጫካ የሚሸት አፈር ነበር።

አያቴ አራተኛ ክፍል አልደረሰችም። እኔ የኢንጂነሪንግ ዲግሪ አለኝ። ይህ ነገር ለብዙ ቀን ከነከነኝ።

የሽታው ሒሳብ

ብስባሽ ወይም ኮምፖስት የምንለው ነገር ሥራው የማይታዩ ሕያዋን ነው። ባክቴሪያና ፈንገስ ናቸው የሚሠሩት። እነሱ ለጉልበት ካርቦን ይፈልጋሉ፤ ሰውነታቸውን ለመገንባት ደግሞ ናይትሮጅን። የሚስማማቸው ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲኖር ነው። የዶሮ ኩስ ውስጥ ለአንድ ናይትሮጅን ያለው ካርቦን ቢበዛ አሥር እጅ ቢሆን ነው። የተረፈው ናይትሮጅን ቦታ ሲያጣ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ዓይኔን ያቃጠለው እሱ ነው። ላዩ ላይ ዝናብ ሲጨመር አየር ይጠፋል፣ አየር ሲጠፋ ያለ አየር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይነግሣሉ፤ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የእነሱ ነው። ጭድና ሰጋቱራ በአንጻሩ ካርቦናቸው ብዙ ነው፣ ውሃም ይመጥጣሉ፣ በመካከላቸው አየር ያሳልፋሉ። የዶሮ ጥፍር ደግሞ ያንን አየር ያለ ደሞዝ ያድሰዋል።

ከዚያ ውስጥ ዝቄ አንድ ጥግ ላይ የቆለልኩት ክምር በደንብ ሲሠራ ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ እጅ አያስገባም። ሙቀቱ ክምሩን ሁሉ ለቀናት ሲያዳርስ አብዛኛውን የበሽታ ተሕዋስና የአረም ዘር ይገድላል። ትኩስ ኩስ በቀጥታ ሰላጣ ወይም ቆስጣ ሥር የማይደረገውም ለዚህ ነው፤ ተክሉንም ያቃጥላል፣ ሰውንም ያሳምማል። ወራት ታግሶ ማብሰል ያስፈልጋል።

አያቴ «ደረቅ አብላው» ስትል ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ብላዋለች። በአፍንጫዋ ነው የለካችው። ጥያቄው፣ ይህ እውቀት ከእሷ ወደ እኔ ሳይደርስ መንገድ ላይ የቀረው ለምንድነው? የሚለው ነበር።

አሮጌ ዶሮ፣ አሮጌ እውቀት

ዶሮ አፍሪካዊ እንስሳ አይደለችም፤ ዘሯ ከእስያ ነው። ወደ እኛ የመጣችው ግን በጣም ቀድሞ ነው። በምሥራቅ ትግራይ፣ መዝበር በተባለ የቅድመ አክሱም መንደር በተደረገ ቁፋሮ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ800 እና በ600 መካከል የሚገመት ዕድሜ አላቸው። ሔሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያሳትሙ በአፍሪካ ከታወቁት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ ቀዳሚዎቹ ከሚባሉት ተርታ ነበር የሚሰለፈው። እንግዲህ ዶሮ በዚህ አገር ጓሮ መጫር ከጀመረች 2,500 ዓመት አልፏታል።

ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። ትኩሱ የከብት ጉድፍ እበት ነው፤ ደርቆ ለማገዶ ሲሆን ኩበት፤ የወፍና የዶሮው ኩስ፤ በረት ውስጥ ከገለባ ጋር ተደባልቆ የተብላላውና ለእርሻ የሚሆነው ፍግ። ለአንድ ነገር ይህን ያህል ስም ያወጣ ሕዝብ ነገሩን በደንብ አይቶታል ማለት ነው። እኔ ግን «ፍግ» የሚለውን ቃል ትርጉሙን ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

በደቡብ፣ እንሰት በሚበላበት አገር፣ ነገሩ ከቃልም ያልፋል። ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ ጌዴኦ ቤቱ የሚሠራው በእንሰት መካከል ነው። ከብቶቹ ማታ ቤት ውስጥ ያድራሉ፤ ጠዋት ፍጉ ተጠርጎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሴቶች እጅ፣ እንሰቱ ሥር ይደረጋል። በዚህ ዓይነት አንድ ቁራሽ መሬት ለብዙ ትውልድ ሳይደክም ብዙ ሰው ሲመግብ ኖሯል። በሰሜንም ከቤት አጠገብ ያለው ጓሮ ከሩቁ ማሳ ይልቅ ሁልጊዜ ጥቁርና ለም ነው፤ አመዱ፣ ጥራጊው፣ ፍጉ የሚወድቀው እዚያ ነዋ። አያቴ በጎጃም የልጅነት አገሯ በረቱን በየጊዜው ከቦታ ቦታ ያዘዋውሩት እንደነበር ትናገራለች። ከብቱ ያደረበት መሬት በሚቀጥለው ዓመት ይታረሳል።

ታዲያ ይህ ሥርዓት ከከረጢቱ በፊት ነበር የተጎዳው። ደን ሲመነጠር ማገዶ ጠፋ፤ ማገዶ ሲጠፋ እበቱ ከማሳ ወደ ምድጃ ሄደ። ኩበት ማለት የነደደ ማዳበሪያ ነው። ማንም ሰው በስንፍና አላደረገውም፤ ልጆች ያልበሰለ ንፍሮ አይበሉም። ግን መሬቱ በየዓመቱ ሰጥቶ በየዓመቱ ሳይመለስለት ቀረ።

የወፍ ኩስ ጦርነት

ከእኛ ርቆ ደግሞ ዓለም በወፍ ኩስ ሰክራ ነበር። ቃል በቃል ነው የምለው። በፔሩ ዳርቻ፣ ዝናብ የማይነካቸው የቺንቻ ደሴቶች ላይ የባሕር ወፎች ኩስ ለሺህ ዓመታት ተከምሮ ነበር። ስሙ ጓኖ ነው፤ ከኬቿ ቋንቋ የመጣ። የአገሩ ሰዎች ጥቅሙን ከጥንት ያውቁ ነበር። አውሮፓውያን ከ1840ዎቹ ጀምሮ (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት የቤተሰቤ ታሪክና የአገር ውስጥ ቀኖች ካልሆነ በስተቀር የፈረንጅ ነው) ሚሊዮኖች ቶን ጭነው ወሰዱ። ኩሱን የሚቆፍሩት በአብዛኛው ተታለውና ተገደው የመጡ ቻይናውያን ሠራተኞች ነበሩ፤ በአቧራውና በድካሙ ብዙዎች እዚያው ሞቱ። አሜሪካ በ1856 ዜጎቿ ጓኖ ያለበትን ባለቤት አልባ ደሴት ሁሉ በስሟ እንዲይዙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ስፔን በ1864 ደሴቶቹን በጦር መርከብ ያዘች። በኩስ ምክንያት!

በዚያው ዘመን፣ በ1840፣ ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ተክል የሚመገበው ማዕድን እንደሆነ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ መሬት እንደ ሒሳብ መዝገብ መታየት ጀመረ፤ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ይግባ። የሚገርመው ራሱ ሊቢግ በኋላ ላይ የለንደንን የመሰሉ ከተሞች የሰው እዳሪን ወንዝና ባሕር ውስጥ ሲደፉ አይቶ መሬቱን እየዘረፋችሁ ነው ብሎ መጮሁ ነው። ከገጠር የወጣው ለምነት ከተማ ገብቶ አይመለስም ነበር።

ጓኖው ሲያልቅስ? በ1909 ፍሪትስ ሃበር ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስዶ አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ አሳደገው፤ በ1913 ኦፓው በተባለ የጀርመን ከተማ ማምረት ተጀመረ። ሊቃውንት እንደሚገምቱት ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው የሚበላው በዚህ አሞኒያ ምክንያት ነው። በማግሥቱ ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣና ያው አሞኒያ ፈንጂ ሆነ። ሃበር ራሱ በ1915 ኢፕር ላይ የተለቀቀውን የመርዝ ጋዝ መርቷል። ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ ይላል ያገሬ ሰው።

ኢንዶር

ሁሉም በዚያ መንገድ አልሄደም። አልበርት ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ የዕፅዋት ባለሙያ በ1905 ሕንድ ሄደ። የተላከው ገበሬዎችን እንዲያስተምር ነው። እሱ ግን ተባዮቹና ገበሬዎቹ ናቸው ያስተማሩኝ እስከማለት ደረሰ። ከሚስቱ ከጋብሪኤል ጋር፣ እሷም ሳይንቲስት ነበረች፣ በኢንዶር የምርምር ጣቢያ ሠራ። በ1931 ከባልደረባው ከያሽዋንት ዋድ ጋር ያሳተመው ዘዴ እስከዛሬ የኢንዶር ዘዴ ይባላል።

ዘዴው አያቴን አያስደንቃትም። የእርሻ ተረፈ ምርት ይነጠፋል፣ እበት ይጨመራል፣ የከብት ሽንት የጠጣ አፈርና አመድ ይበተናል፣ ውሃ ይረጫል፣ እንደገና ይነጠፋል። ሦስት ጊዜ ይገለበጣል። በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። ሃዋርድ ያደረገው ትልቅ ነገር የገበሬውን ልምድ ለክቶ፣ መዝግቦ፣ ሌላ ሰው ሊደግመው እንዲችል አድርጎ መጻፉ ነው። በእኛ ሥራ ዶክመንቴሽን እንለዋለን። እውቀት አለ፣ ግን ካልተጻፈ ሰውየው ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል።

የኛን አገር ዶክመንቴሽን በወቅቱ ማን ጻፈው? ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ከረጢቱ ይግባ።

ከረጢቱ መጣ

ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ በስፋት መሞከር የጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1967 በስዊድን እርዳታ በአርሲ የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት ተቋቋመ። ምርት ጨመረ፤ ይህ እውነት ነው። ግን እርሻ ትርፋማ ሲሆን ባለርስቶች ትራክተር አመጡ፤ ብዙ ጭሰኞች ከመሬቱ ተነቀሉ። ማዳበሪያው አፈር ላይ ብቻ አልተበተነም፤ በሰው መካከል ባለው ግንኙነት ላይም ጭምር ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የግብርና ኤክስቴንሽኑ ምርጥ ዘርና ዳፕ ከዩሪያ ጋር በብድር እየሰጠ በየወረዳው ገባ።

የአያቴ ወንድም ልጅ፣ እኛ ጋሼ የምንለው፣ ምዕራብ ጎጃም በቆሎ ያርስ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ማዳበሪያ በዱቤ ወሰደ። ምርቱ ግሩም ነበር ትላለች አያቴ፤ ጎተራው ሞላ። ግን የሁሉም ሰው ጎተራ ሞልቶ ነበርና የበቆሎ ዋጋ ወደቀ። በሚቀጥለው ዓመትም ያው። ከዚያ በ1994 ክረምት ዝናቡ ቀረ። ዕዳው ግን ዝናብ አይጠብቅም። አበዳሪው ክፈል አለ። ጋሼ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ሸጠ።

ይህን ታሪክ በልጅነቴ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ስለ ድህነት ይመስለኝ ነበር። ዶሮ ቤቱ ውስጥ ጭድ ስበትን ነው ሌላውን ያየሁት። በሬ ያርሳል ብቻ አይደለም፤ ፍግም ይሰጣል። ጋሼ የከረጢቱን ዋጋ ለመክፈል የሸጠው ፍግ የሚሰጠውን እንስሳ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከረጢቱ የበለጠ ያስፈልገዋል፤ የሚከፍልበት ግን ያነሰ ነው። የዙረቱን አቅጣጫ ልብ በሉ። እኔ የምጽፈው ኮድ ከሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል፣ ያ ሰርቨር የወደቀ ቀን እኔም እወድቃለሁ። ማዳበሪያችን ከሞላ ጎደል ሁሉም በጂቡቲ በኩል ከውጭ የሚገባ ነው። በ2014 ዓ.ም. ዩክሬን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የማዳበሪያ ዋጋ ናረ፤ በ2015 ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ ወጡ። ፎቶውን ስልኬ ላይ ሳየው ጋሼን አሰብኩ።

የጻፉት ሰዎች

በ1996 በትግራይ አንድ ሥራ ተጀመረ። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ፣ ሁለቱም የዕፅዋት ሊቃውንት፣ ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሆነው በጥቂት መንደሮች ገበሬዎች ኮምፖስት እንዲሠሩ፣ አፈር እንዲጠብቁ፣ ልቅ ግጦሽ እንዲገቱ አገዙ። አካባቢው የተራቆተና ዝናብ አጠር ነበር። ከዚያ ምርቱን ለዓመታት መዘኑ፤ ምንም ያልተደረገበት ማሳ፣ ኮምፖስት የገባበት፣ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ የገባበት። በአብዛኛው ሰብል ኮምፖስቱ ከሰው ሠራሹ እኩል ወይም የተሻለ ሰጠ። ሌላም ነገር ታየ፤ ኮምፖስት የገባበት አፈር ውሃ ይይዛል፣ ጉልበቱም በሚቀጥለው ዓመት አይጠፋም፤ ዕዳም የለውም። ሥራው ከመንደሮቹ አልፎ በክልሉ ተስፋፋ። ተወልደብርሃን በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ሱ በ2018፣ እሳቸው በ2023 ዐረፉ።

ነገሩን አላጋንን። የኮምፖስት ክምር ውሃ ይፈልጋል፣ ጭድ ይፈልጋል፣ ጉልበት ይፈልጋል። ጭዱን ከብቱም ይፈልገዋል፣ እበቱን ምድጃውም ይፈልገዋል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው ያለበት አገር ከረጢቱን ነገ ይጣል የሚል ሰው አላምንም። የምለው አንድ ነው፤ ገበሬው ከረጢቱ ሲዘገይ የሚይዘው ሌላ ነገር እጁ ላይ ሊኖረው ይገባል። ያ ነገር ነበረው። ከእኛ ቤት እስኪወጣ ድረስ ቆሞ ያየው ሰው ግን አልነበረም።

ከተማው

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ ተራራ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ከዜናው በላይ የቀረልኝ ዝምታው ነው። ያ ተራራ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከየቤታችን የወጣ ነገር ክምችት ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ልጣጭ፣ ቅጠል፣ የምግብ ትራፊ፣ አመድና አፈር ነበር። አንድ ላይ ሲከመር ሰው የሚቀብር፣ ተለይቶ ከደረቅ ጋር ሲደባለቅ ሰው የሚያበላ ነገር። ሊቢግ ስለ ለንደን የጮኸው እኛ ጋርም ይሠራል።

የኔ ስድስት ዶሮዎች ቆሼን አያድኑም። ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ከወጥ ቤታችን ልጣጭ ይዞ የወጣ ከረጢት የለም። ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ ጤና አዳሙ ከዚያው አፈር ነው የሚበቅለው። ጎረቤታችንም ሰኔ ላይ በሩን አንኳኩተው ነበር፤ እንደገና ሽታ መጣ ብዬ ደነገጥኩ። ለጽጌረዳቸው ትንሽ አፈር ፈልገው ነው።

ያንን ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት አውርጄ ሞላሁላቸው። አያቴ ከበረንዳው እያየችኝ «ምንድነው የምትሰጣቸው?» አለች።

«ማዳበሪያ» አልኳት።

«ከረጢቱን ነው ወይስ አፈሩን?»

«ሁለቱንም።»

«ከረጢቱን ይመልሱት» አለች፣ «አፈሩን ይውሰዱት።»